ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ ሊኑክስ ለምን «የለም» ይላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ ሰላም ነው? አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችን የሚያነብ ፕሮግራም በሲ ጻፍኩ። ሊብሞድባስ የሚባለውን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ይጠቀማል። ኡቡንቱ 22.04 ሊኑክስ የጫንኩበት ላፕቶፔ ላይ አሪፍ ይሠራል። ሰርቨሩ ግን ኡቡንቱ 20.04 ነው። ላይብረሪውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል አድርጌ (ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሬ) ጫንኩት። ፕሮግራሙን ከላፕቶፔ ገልብጬ ወሰድኩት። ሳስነሳው ‹ሊብሞድባስ.ኤስኦ.5ን መክፈት አልተቻለም፣ እንዲህ ያለ ፋይል የለም› አለኝ። ፋይሉ ግን /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ አለ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው! ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ተከትዬ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሚባለውን፣ ላይብረሪ የሚፈለግበትን ፎልደር የሚጠቁም ቫሪያብል ስሞላ ያ ኤረር ጠፋና ሌላ መጣ፤ ‹ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም› ይላል። በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ መብት፣ ሳስነሳው ደግሞ የመጀመሪያው ኤረር ይመለሳል። ግራ ገባኝ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምን እያደረገ ነው? ወደፊት ላይብረሪውን ባሳድሰውስ ፕሮግራሜን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አለብኝ?»

እህቴ፣ ማሽኑ አልዋሸሽም። ዓይንሽም አላታለለሽም። ፋይሉ ዲስኩ ላይ አለ። ግን ፋይሉን የሚፈልገው አካል አንቺ ባየሽበት ቦታ አይፈልግም። የጥያቄሽ እምብርት ይኸው ነው።

አስቀድሜ ከችግሩ ላውጣሽ። ሰርቨሩ ላይ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ብለሽ አንዴ አስኪጂ። የሞላሽውን ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ አጥፊው። ፕሮግራሙን ከላፕቶፕሽ መገልበጡን ተይና ሶርስ ኮዱን ወስደሽ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ኮምፓይል አድርጊው። በቃ፣ ይነሳል። የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፤ ማሽኑ ላይ በተለመደው አጻጻፋቸው አስገቢያቸው።

ግን «ምን እያደረገ ነው» ብለሽ መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ትእዛዙን ገልብጦ ይሄዳል። ከወር በኋላ ያው ችግር ሌላ ስም ይዞ ይመጣበታል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ከሥሩ እንየው።

ፕሮግራምሽን ከርነሉ ብቻውን አያስነሳውም

ኮምፓይል ያደረግሽው ፋይል ኤልፍ በሚባል ፎርማት የተጻፈ ነው። ሊኑክስ ወደ ኤልፍ የዞረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ኤ.አውት በሚሉት ፎርማት እያንዳንዱ የጋራ ላይብረሪ ቋሚ የሜሞሪ አድራሻ ነበረው። ሁለት ላይብረሪዎች አንድ ቦታ ላይ እንዳይጋጩ አድራሻው አስቀድሞ በመዝገብ ይያዝ ነበር። አንድ ሰው አዲስ ላይብረሪ ሲጽፍ ቦታ ማስመደብ ነበረበት ማለት ነው። ከዚያ ጣጣ ያወጣን ኤልፍ ነው።

ኤልፍ ፋይል ውስጥ አንድ አጭር ጽሑፍ ተቀምጧል። የሌላ ፕሮግራም አድራሻ ነው። በአንቺ ማሽን ላይ «/ሊብ64/ኤልዲ-ሊኑክስ-ኤክስ86-64.ኤስኦ.2» ይላል። የፕሮግራምሽን ስም ጽፈሽ ኢንተር ስትጫኚ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ፋይሉን ይከፍታል፣ ይህን ጽሑፍ ያያል፣ ፕሮግራምሽን ሜሞሪ ላይ ያነጥፋል። ከጎኑ ደግሞ ያንን ሁለተኛ ፋይል ያነጥፋል። ከዚያ መሪውን የሚያስረክበው ለሁለተኛው ነው፤ ለአንቺ ፕሮግራም አይደለም።

ይህ ሁለተኛው ሎደር ይባላል። የከርነሉ አካል አይደለም። ተራ ፕሮግራም ነው፤ በአንቺው ፕሮሰስ (እየሄደ ባለው ፕሮግራምሽ) ውስጥ፣ በአንቺው መብት ይሠራል። መጀመሪያ የራሱን አድራሻዎች ያስተካክላል፣ ምክንያቱም እሱም የት እንደሚነጠፍ አስቀድሞ አያውቅም። ቀጥሎ የአንቺን ፕሮግራም ጎደሎ ይሞላል። «ሜይን» ብለሽ የጻፍሽው ፈንክሽን የሚጀምረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከርነሉ ስለ ሊብሞድባስ አንዳች ነገር አያውቅም። ያየሽውን ኤረር የጻፈልሽም ሎደሩ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠቁምሽ። አንዳንዴ ራሱ ሎደሩ ማሽኑ ላይ አይኖርም። ለምሳሌ አልፓይን የሚባለው ሊኑክስ ሙስል የሚባል ሌላ ሲ ላይብረሪና ሌላ ሎደር ነው የሚጠቀመው። ኡቡንቱ ላይ የሠራሽውን ፕሮግራም እዚያ ወስደሽ ስታስነሺው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልሻል፤ ያውም በራሱ በፕሮግራምሽ ስም! ፋይሉ ፊትሽ ነው ያለው። የጠፋው በውስጡ አድራሻው የተጻፈው ሎደር ነው። በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር በኮንቴይነር የሚያሽግ መሣሪያ) የሚሠሩ ልጆች በዚህ ብዙ ቀን ሲያቃጥሉ አይቻለሁ።

ፕሮግራሙ የያዘው ስም ብቻ ነው

ኮምፓይል ስታደርጊ መጨረሻ ላይ የሚሠራው ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሊንከሩ ነው። ሊንከርና ሎደር ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የተለያዩ ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸው በየተለያየ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በየተለያየ ማሽን ላይ ነው። ሊንከሩ ላፕቶፕሽ ላይ «ሊብሞድባስ.ኤስኦ» የሚለውን ፋይል ከፈተ። ውስጡ ላይብረሪው ራሱን የሚጠራበት ስም አለ፤ ሶኔም ይሉታል። ይህ ስም «ሊብሞድባስ.ኤስኦ.5» ነው። ሊንከሩ ይህንን ስም ፕሮግራምሽ ውስጥ «ያስፈልገኛል» በሚለው ዝርዝር ላይ ጻፈው። ቦታውን አልጻፈም። ኮዱንም አልገለበጠም። ስሙን ብቻ።

ፎልደሩን ብታዪው ሦስት ስሞች ታገኛለሽ። ቁጥር የሌለው «ሊብሞድባስ.ኤስኦ» ለሊንከሩ ነው። «ሊብሞድባስ.ኤስኦ.5» ለሎደሩ ነው። ሁለቱም ጠቋሚ ሊንኮች ናቸው፤ እውነተኛው ፋይል «5.1.0» የመሰለ ረዥም ቁጥር ያለው ሦስተኛው ነው። 5 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የላይብረሪው ቨርዥን አይደለም፤ ቨርዥኑ 3.1 ምናምን ነው። 5 የሚነግርሽ ላይብረሪው ከፕሮግራሞች ጋር ያለውን ውል ነው። ውሉ እስካልፈረሰ ድረስ ውስጡ ቢሻሻልም 5 እንዳለ ይቆያል። ውሉ ሲፈርስ ነው ቁጥሩ የሚለወጠው። የመጨረሻ ጥያቄሽ መልስ እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው ያለው፤ እመለስበታለሁ።

ታዲያ የት ይፈልጋል?

ሎደሩ ዲስኩን አያስስም። የተወሰነ ቅደም ተከተል አለው፣ ከዚያ ውልፍት አይልም።

ስሙ ውስጥ ሰያፍ መስመር ካለ እንደ ሙሉ አድራሻ ቆጥሮ በቀጥታ ይከፍተዋል። ከሌለ ፕሮግራሙ ውስጥ ሲሠራ የተጻፈ የመፈለጊያ መንገድ አለ ወይ ብሎ ያያል። የድሮው ዓይነት አርፓዝ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ይከተላል። ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ያያል። ከዚያ ራንፓዝ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት። ከዚያ /ኢቲሲ ውስጥ ያለችውን «ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ» የምትባል ፋይል። በመጨረሻ /ሊብን፣ /ዩኤስአር/ሊብንና የ64 ቢት አቻዎቻቸውን። አለቀ።

/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ በዚህ ሰልፍ ውስጥ በስሙ የለም። ኡቡንቱና ዴቢያን ይህን ፎልደር /ኢቲሲ ውስጥ በኮንፊግ ፋይል መዝግበውታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሎደሩ ያንን ኮንፊግ አያነብም! የሚያነበው ኤልዲኮንፊግ ነው። ኤልዲኮንፊግ የተመዘገቡትን ፎልደሮች ዞሮ ያገኘውን ላይብረሪ ሁሉ ካሿ ውስጥ ይጽፋል። ሎደሩ የሚያየው ካሿን ነው። ካሿ ደግሞ እንደ ፎቶ ናት፤ በተነሳችበት ሰዓት የነበረውን ብቻ ነው የምታሳየው። አንቺ ላይብረሪውን «ሜክ ኢንስቶል» ብለሽ ስትጭኚ ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ ገባ፣ አዲስ ፎቶ ግን አልተነሳም። በኡቡንቱ መጫኛ በኤፒቲ ስትጭኚ ኤልዲኮንፊግ ራሱ ይጠራል። ላፕቶፕሽ ላይ በኤፒቲ ጭነሽው ከነበረ እዚያ ችግሩ ያልታየሽ በዚህ ነው።

የሬድሃት ቤተሰብ ሰርቨር ቢገጥምሽ ኤልዲኮንፊግ ብቻውን አይበቃም። እዚያ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ኮንፊጉ ውስጥም የለም። /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ የፎልደሩን ስም የያዘች አንዲት መስመር ፋይል ጨምረሽ ከዚያ ነው የምታስኬጂው።

አሁን የሱዶ ነገር። አንድ ተራ ተጠቃሚ በኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የራሱን ፎልደር ከፊት ማስቀደም ቢችልና ያ መንገድ ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) ሆኖ ለሚሠራ ፕሮግራምም ቢያገለግል ምን ይሆናል? በዋናው የሲ ላይብረሪ ስም «ሊብሲ.ኤስኦ.6» ብሎ የሰየመውን የራሱን ኮድ በሩት መብት ያስኬድበታል። ማሽኑ በእጁ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሱዶን የመሰለ መብት ከፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ሲነሳ ሎደሩ ይህንን ቫሪያብል አይቀበልም፤ ከኢንቫይሮንመንቱም ያወጣዋል። ሱዶም በበኩሉ ያጸዳል። የአንቺ ፕሮግራም በሱዶ ሲነሳ ቫሪያብሉ የለም፣ የመጀመሪያው ኤረር ተመለሰ። ጥበቃው ሥራውን ሠርቷል።

ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ለሙከራ እንጂ ለቋሚ ሥራ አልመክርም። በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። በፊት የሠራሁበት አንድ ቦታ ይህ ቫሪያብል የሁሉም ተጠቃሚ መግቢያ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ነበር። የተጠቆመው ፎልደር ውስጥ አንድ የቆየ የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ላይብረሪ) ኮፒ ነበረ። ከሲስተሙ ጋር ሶኔሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ያረጀ ነው። ሰልፉን አስቢው፤ ቫሪያብሉ ከካሿ ይቀድማል። በዚያ ሰርቨር ላይ ኢንተርኔት የሚነካ ፕሮግራም ሁሉ ሳያውቀው አሮጌውን ያነሳ ነበር። ሰርቲፊኬት ማረጋገጥ እምቢ ሲል ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ደግሞም ፕሮግራምሽን በሲስተምዲ (ማሽኑ ሲበራ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) ሰርቪስ አድርገሽ ብታስነሺው ተርሚናል ላይ የሞላሽውን ቫሪያብል አያየውም። ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ አይነሳም።

ላይብረሪውን ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገሽ መውሰድ ከፈለግሽ ንጹሁ መንገድ ራንፓዝ ነው። ኮምፓይል ስታደርጊ ከዶላር ምልክት ቀጥሎ «ኦሪጅን» የሚል ቃል ያለበት መንገድ ትሰጪዋለሽ። ትርጉሙ «እኔ ካለሁበት ፎልደር ተነስ» ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ራንፓዝ የሚያገለግለው ፕሮግራሙ በቀጥታ ለሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ብቻ ነው። ላይብረሪው በተራው ሌላ ላይብረሪ ቢፈልግ የፕሮግራሙ ራንፓዝ አይረዳውም።

ከተገኘ በኋላ

ሎደሩ ፋይሉን ሲያገኘው አንብቦ ወደ ሜሞሪ አይገለብጠውም። ኤምማፕ በሚባለው ጥሪ «ይህ ፋይል እዚህ አድራሻ ላይ ያለ ይመስል» ብሎ ከርነሉን ያስነጥፈዋል። ከዲስክ የሚመጣው የሚነካው ገጽ ብቻ ነው። አንድ ገጽ በአንቺ ማሽን ላይ 4096 ባይት ነው።

የእድር ድንኳን አስቢ። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አይገዛም፤ አንድ ተገዝቶ ሁሉም ይጠቀምበታል። የጋራ ላይብረሪም ሐሳቡ ይኸው ነው። እንዲያውም ከእድሩ የሚሻልበት ነገር አለ። ድንኳኑ በአንድ ቀን አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የሚተከለው። የላይብረሪ ኮድ ግን ተነባቢ ብቻ ስለሆነ ሁለት መቶ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ አንዱን ኮፒ ይጠቀማል። ሊብሲ 2 ሜጋባይት ገደማ ነው። ማሽንሽ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል ይፈልገዋል። ኮዱ ራም ላይ የሚቀመጠው ግን አንዴ ነው። የሚለዋወጠው ዳታ ግን ለየብቻ ነው። አንዱ ፕሮሰስ ሲጽፍበት ያቺ ገጽ ብቻ ለእሱ ትገለበጥለታለች።

ኮዱን ለመጋራት ግን አንድ ችግር መፈታት ነበረበት። ላይብረሪው በየፕሮሰሱ የተለያየ አድራሻ ላይ ነው የሚነጠፈው። ለደኅንነት ሲባልም ቦታው በየጊዜው በዘፈቀደ ይለዋወጣል። ኮዱ ውስጥ ቁርጥ ያለ አድራሻ ከተጻፈ ለአንዱ ሲስማማ ለሌላው አይሆንም።

መፍትሔው አዲስ አበባ ውስጥ ቤታችንን ለሰው የምንነግርበት ዘዴ ነው። የቤት ቁጥር ማን ይናገራል? «ከፋርማሲው አለፍ ብለሽ በቀኝ ሁለተኛው በር» ነው የምንለው። ሰፈሩ በሙሉ ተነስቶ ሌላ ቦታ ቢተከል እንኳ ፋርማሲውና በሩ አብረው እስከሄዱ ድረስ ምልክቱ ይሠራል። የላይብረሪ ኮድም እንዲሁ ነው የሚጻፈው። «አሁን ካለሁበት ይህን ያህል ባይት ወደፊት» ይላል። «ፒክ» የሚሉት ይህንን ነው። ላይብረሪ ስትሠሪ ኮምፓይለሩን «-ኤፍፒክ» የምትዪው ለዚህ ነው።

ከሰፈሩ ውጭ ላለ ነገርስ? የአንቺ ፕሮግራም ሞድባስ_ኮኔክትን ሲጠራ ፈንክሽኑ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፤ ርቀቱ አስቀድሞ አይታወቅም። ለዚህ ፕሮግራሙ ጎት የምትባል ሠንጠረዥ ይይዛል። ኮዱ ሠንጠረዧ የት እንዳለች ያውቃል፣ ምክንያቱም አብራው ናት። ሠንጠረዧ ውስጥ ያለውን እውነተኛ አድራሻ የሚሞላው ሎደሩ ነው። ኮዱ አይነካም፣ የሚጻፍባት ሠንጠረዧ ብቻ ናት። ስለዚህ ኮዱ ለሁሉም የጋራ ሆኖ ይቀራል።

ሎደሩ ይህንን በሁለት መንገድ ሊሞላ ይችላል። አንዱ በስንፍና ነው፤ ፈንክሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጠራ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጥሪ ፒኤልቲ በምትባል አጭር መንደርደሪያ በኩል ወደ ሎደሩ ይመለሳል። ሎደሩ አድራሻውን አግኝቶ ሠንጠረዧ ላይ ይጽፋል። ከሁለተኛው ጥሪ ጀምሮ በቀጥታ ነው። ሌላው መንገድ ሁሉንም ገና ሲነሳ ሞልቶ ሠንጠረዧን ለጽሑፍ መቆለፍ ነው። የኡቡንቱ ኮምፓይለር ከ16.10 ጀምሮ በ64 ቢት ማሽን ላይ ሁለተኛውን ነው የሚመርጠው። መነሳቱ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን አጥቂ በኋላ ሠንጠረዧ ላይ የራሱን አድራሻ መጻፍ አይችልም።

አድራሻውን ሲፈልግ ሎደሩ «ሞድባስ_ኮኔክት የሊብሞድባስ ነው» ብሎ አይደለም የሚነሳው። ስሙን ይዞ ከፕሮግራሙ ጀምሮ የተጫኑትን ላይብረሪዎች በተራ ይጠይቃል። መጀመሪያ «እኔ ጋ አለ» ያለው ያሸንፋል። ዊንዶውስ እንዲህ አይደለም፤ እዚያ ከፈንክሽኑ ስም ጋር ከየትኛው ዲኤልኤል እንደሚመጣ አብሮ ይጻፋል። የሊኑክሱ አካሄድ ኃይለኛ ነው። ኤልዲ_ፕሪሎድ በሚባለው ቫሪያብል አንድ ላይብረሪ ከፊት አስገብተሽ ሜሞሪ የሚያስመድበውን ማሎክን በራስሽ ማሎክ መተካት ትችያለሽ። የሜሞሪ ስህተት ለመፈለግ ግሩም መሣሪያ ነው።

ያው ኃይል ለክፋትም ውሏል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ኤክስዜድ የተባለው የማመቂያ ፕሮጀክት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የኋላ በር ተቀብሮ ተገኘ። ከርቀት ወደ ማሽን የሚገባበት ኤስኤስኤች ሰርቨር ራሱ ሊብኤልዜድኤምኤ የተባለውን የዚህን ፕሮጀክት ላይብረሪ አይፈልግም። ነገር ግን ያኔ ዴቢያንና ሌሎች ኤስኤስኤችን ከሲስተምዲ ላይብረሪ ጋር አገናኝተውት ነበር፣ ያ ላይብረሪ ደግሞ ሊብኤልዜድኤምኤን ይጠራ ነበር። በዚህ ሰንሰለት የተቀበረው ኮድ ኤስኤስኤች ፕሮሰስ ውስጥ ገባ። አድራሻዎቹ እየተሞሉ ባሉበት ሰዓት፣ ሠንጠረዧ ሳትቆለፍ፣ የአንድ የቁልፍ ማረጋገጫ ፈንክሽንን አድራሻ በራሱ ተካ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ተጠራጥሮ ቆፈረና መጋቢት 29 ቀን 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይፋ አደረገው። እኔ «ሜይን ከመጀመሩ በፊት ምን ይሆናል» የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር የምይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጂሊብሲ_2.34 ምንድነው?

የመጀመሪያው ኤረር ሁለተኛውን ሸፍኖት ነበር። ሎደሩ መጀመሪያ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሁሉ ይሰበስባል፣ ከዚያ ነው ቨርዥን የሚያስተያየው። ሊብሞድባስ ሲገኝለት ወደ ቀጣዩ ፍተሻ አለፈና እዚያ ቆመ።

ጂሊብሲ ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ሊብሲ (የሲ ላይብረሪ) ነው። የሊብሲ ሶኔም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ሊብሲ.ኤስኦ.6» ነው። አልተለወጠም። የጂሊብሲ ሰዎች ውሉን ላለማፍረስ የመረጡት ዘዴ እያንዳንዱን ፈንክሽን ለብቻው በቨርዥን ምልክት ማድረግ ነው። አንድ ፈንክሽን ጠባዩ ሲለወጥ አሮጌው አይጠፋም። አዲሱ አዲስ ምልክት ይዞ ከጎኑ ይቀመጣል። ለምሳሌ የሜሞሪ ይዘት የሚገለብጠው ሜምኮፒ በ64 ቢት ማሽን ላይ የ2.2.5 እና የ2.14 ምልክት ያላቸው ሁለት መልኮች አሉት። አሮጌ ፕሮግራም አሮጌውን ያገኛል፣ አዲስ ፕሮግራም አዲሱን።

ሊንከሩ ፕሮግራም ሲሠራ በማሽኑ ላይ ያለውን የመጨረሻውን ምልክት ይወስዳል። ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ጂሊብሲ 2.35 ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው 2.31 ነው። በነሐሴ 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው 2.34 ብቻውን ይቆም የነበረውን ሊብፒትሬድ የሚባል ላይብረሪ ወደ ሊብሲ ቀላቀለ። ሜይንን የሚያስጀምረው ፈንክሽንም አዲስ ምልክት አገኘ። ሜይን የሌለው ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ላፕቶፕሽ ላይ «ሰላም ዓለም» የሚል አንድ መስመር ብቻ የምትጽፍ ፕሮግራም ብትሠሪና ሰርቨሩ ላይ ብትወስጂ እሷም ይህንኑ ኤረር ታወጣለች። ኮድሽ ላይ ጥፋት የለም።

ስለዚህ አሮጌ ላይ የተሠራ አዲስ ላይ ይሄዳል፤ አዲስ ላይ የተሠራ አሮጌ ላይ አይሄድም። ኮምፓይል የምታደርጊው ፕሮግራሙ በሚኖርባቸው ማሽኖች ውስጥ ካለው እጅግ አሮጌው ላይ ይሁን። ሰርቨሩ ላይ ኮምፓይለር መጫን ካልተፈቀደልሽ ላፕቶፕሽ ላይ የኡቡንቱ 20.04 ዶከር ኮንቴይነር አስነስተሽ እዚያ ውስጥ ሥሪው፤ ውጤቱ አንድ ነው።

አንድ ነገር አደራ። የላፕቶፕሽን ሊብሲ ገልብጠሽ ሰርቨሩ ላይ አትተኪው። ሊብሲና ሎደሩ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ከ2.35 ሌላውን ከ2.31 ብታደርጊ አይግባቡም። ያኔ ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እንኳ አይሠራም፣ በኤስኤስኤችም መግባት አትችዪም። ሰርቨሩ ፋብሪካ ውስጥ ከሆነ ያለሽ ምርጫ ተነስቶ ሄዶ በዩኤስቢ ማስነሳት ነው።

ላይብረሪውን ሳድስስ?

ሶኔሙ 5 እንደሆነ እስከቀጠለ ድረስ ፕሮግራምሽን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ የለብሽም። የጋራ ላይብረሪ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። በሚያዝያ 2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ይፋ ሲሆን የላይብረሪውን ፋይል በመቀየር በጋራ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ሁሉ ይታከም ነበር። ሶኔሙ ወደ 6 ከዞረ ግን ውሉ ተለውጧል፣ ኮምፓይል ማድረግ ግድ ነው።

ነገር ግን ማደስና ሥራ ላይ ማዋል አንድ አይደሉም። እየሄደ ያለ ፕሮሰስ አሮጌውን ፋይል አንጥፎ ይዟል። አዲሱ ዲስክ ላይ ቢገባም አሮጌው ስሙ ተሰርዞ ይዘቱ ግን ይቆያል፣ ፕሮሰሱ እስኪዘጋ ድረስ። በሃርትብሊድ ጊዜ ብዙ ሰርቨር አፕዴት ተደርጎ ሳለ ቀዳዳው ክፍት የቆየው ሰርቪሶቹ ሪስታርት ስላልተደረጉ ነው። ማረጋገጥ ይቻላል። /ፕሮክ ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ፎልደር ሥር «ማፕስ» የሚባለውን ፋይል አንብቢ። ከላይብረሪው ስም ጎን «ዲሊትድ» የሚል ካየሽ ያ ፕሮሰስ አሁንም በአሮጌው ነው የሚሠራው።

ላይብረሪውን በእጅሽ ስትተኪ ደግሞ በ«ሲፒ» እላዩ ላይ አትገልብጪበት። ሲፒ አዲስ ፋይል አይፈጥርም፤ ያንኑ ፋይል ባዶ አድርጎ ከላይ ይጽፍበታል። እየሄደ ያለው ፕሮግራም ያነጠፈው ያንኑ ፋይል ስለሆነ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይከዳዋል፣ በድንገት ይወድቃል። አዲሱን በሌላ ስም አስቀምጪና በ«ኤምቪ» ቦታው ላይ አምጪው። «ሜክ ኢንስቶል» ራሱ የሚጠቀምበት «ኢንስቶል» የሚባለው ትእዛዝም አሮጌውን ስም አጥፍቶ አዲስ ፋይል ስለሚፈጥር ደህና ነው።

አሁን ሰርቨሩ ላይ ከሠራሽው በኋላ «ኤልዲዲ» ብለሽ የፕሮግራሙን ስም ስጪው። እያንዳንዱ የሚያስፈልገው ላይብረሪ የት እንደተገኘ በመስመር በመስመር ያሳይሻል፤ ያልተገኘው ጎን «ኖት ፋውንድ» ይላል። ኤልዲዲን ግን ከማታምኚው ሰው በመጣ ፋይል ላይ አታስኪጂው፤ ራሱን ፕሮግራሙን ሊያስነሳው ይችላል። ለእንደዚያ ያለው «ሪድኤልፍ -ዲ» አለልሽ፣ ፋይሉን ማንበብ ብቻ ነው የሚያደርገው። አሁንም እምቢ ካለሽ ኤልዲ_ዲበግ የሚባለውን ቫሪያብል «ሊብስ» ብለሽ ሞልተሽ ፕሮግራሙን አስነሺው። ሎደሩ የሄደበትን ፎልደር፣ የሞከረውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ ይጽፍልሻል። ያንን ጽሑፍ ሳትቆራርጪ ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።